ቺሌሼ ብለህ ጥራት

ለምወድህ ልጄ ለካባሶ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ዓሣ የምታጠምድበት ባሕር ብርድ ጉልበትህን ለቀቀህ ወይስ አሁንም ይቆረጥምሃል? ባለቤትህ ንዳፔዋ ደህና ናት? ሕፃኑስ ጥርስ አበቀለ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እንቅልፍ ባይኖረኝም እህል ይወርድልኛል። ባለፈው ስልክ ላይ ስትቆጣ የምመልሰው ጠፍቶኝ ዘጋሁብህ፤ አትቀየመኝ። ቶሎ ቶሎ መናገር አልችልም፤ ስጽፍ ግን ሐሳቤ አይበተንም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

እህትህ ቺሌሼ አሁንም ሆስፒታል ናት። የማህፀኗ ዕጢ አድጎ ደም እየፈሰሳት ከአልጋ ወርዳ መቆም እንኳ ያዞራታል። ሐኪሙ ዶክተር ሲሙኮንዳ ዕጢው በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት ይላል። ደሟ በጣም ስላነሰ፣ የሰው ደም ሳይሰጣት ብትከፈት እዚያው ልትቀር እንደምትችል ሳይሸፋፍን ነገረን። እሷም "ቀዶ ጥገናውን እሺ፣ የሰው ደም ግን እምነቴ ስለማይፈቅድ አልቀበልም" አለች። እህትህ ምዊላ ወልዳ ከመሞቷ በፊት ያለችው ቃል በቃል ይኸው ነው። አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። አንዷን ልጄን ከቀበርኩ ገና ሦስት ዓመት አልሞላኝም።

አንተ "ተኝታ ሳለች ይስጧት፣ ስትነቃ ታመሰግነናለች፣ ድራማውን አላየሽም እንዴ?" አልከኝ። አይቻለሁ ልጄ። ያን የሆስፒታል ድራማ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው እኛ ቤት ነው። ያቺ ሃይማኖተኛ ልጅ ደም እምቢ ስትል ጎረቤታችን የኩንዳ እናት ኦቾሎኒ እየፈለፈለች፣ "እኔን ያ ዶክተር በዚያ ዓይኑ ቢለምነኝ ደም አይደለም ናፍጣም እቀበል ነበር!" ብላ አሳቀችን። ቺሌሼ እንኳ ስቃለች። ከዚያ ዶክተሩ ልጅቷ ተኝታ ሳለች በድብቅ ሰጣት። ስትነቃ እጁን ይዛ እያለቀሰች አመሰገነችው፣ ቤቱ ሙሉ አጨበጨበ። ቺሌሼ ግን ተነስታ ወጣች። በር ላይ ስደርስባት፣ "እማዬ፣ በማግስቱ ለጸሎት ስትንበረከክ ምን እንደምትል ለምን አያሳዩንም?" አለችኝ። እዚያ ድራማ ላይ የሚያምን ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ መጨረሻ ላይ ይሸነፋል። ምዊላ ሞኝ አልነበረችም። የሒሳብ ማካፈል ያስተማረችህ እሷ ናት።

ቢሆንም እናት ነኝና ያልከውን ጠየቅሁ። የማደንዘዣ ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ "እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ እኔ እናቷ እሺ ብልስ?" አልኳት። ትቆጣኛለች ስል ክንዴን ያዘችኝ። "እማማ፣ ያ ቴሌቪዥን ነው። አእምሮዋ ሙሉ የሆነች ሴት ነቅታ እምቢ ያለችውን፣ ስትተኛ ጠብቀን አናደርግባትም። እርስዎ እምቢታው የራሷ መሆኑን ይጠይቁልኝ። ሰው ተጭኗት እንዳይሆን" አለችኝ። ማን ይጫናታል ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ከጉባኤያችን ወንድም ቻማ መጥቶ ነበር፤ ጸለየላት፣ ብርቱካን አስቀመጠላት፣ ሄደ። አንዲት የማስፈራሪያ ቃል አልወጣውም።

በጉብኝት ሰዓት የምዊላን ልጅ ንጎሳን ይዤ ገባሁ። ልጁ "እማ!" ብሎ አልጋዋ ላይ ወጣ። አጎትህ ሙሶንዳም ከኋላዬ ገብቶ፣ "ምዊላ፣ እንዴት ዋልሽ?" አላት። እኔም ሾርባውን እየቀዳሁ፣ "ምዊላዬ፣ ትንሽ ቅመሽ" አልኳት። ይህን ስል ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። የምዊላ ሐዘን ሲያበቃ አጎትህ እንደ ባህላችን ቺሌሼን የወራሽነቱን ውሃ አጠጥቷት፣ የሟች እህቷን ስምም ቦታም እንዳወረሳት ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በእህቷ ስም ይጠራታል። እኔም ያንን ስም በአፌ ስጠራው ደረቴ ቀለል ስለሚለኝ ምዊላ ነው የምላት። የሚጫናት ይህ ስም ይሆን ብዬ ፈራሁ።

አጎትህን ልጁን ይዘህ ውጣልኝ አልኩት። ብቻችንን ስንሆን "ቺሌሼ" አልኳት። ያልሰማችው ስም ይመስል ቀና ብላ አየችኝ። "ደሙን እምቢ ያለችው ማን ናት? አንቺ ነሽ ወይስ እህትሽ?" አልኳት። ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ሳበች። በኋላ፣ "እማዬ፣ ውሃውን ጠጥቻለሁ እኮ። እሷ የሞተችለትን ቃል እኔ ብተወው፣ ንጎሳ ሲያድግ እናቴ በከንቱ ሞተች አይልም?" አለችኝ። እኔም፣ "ልጄ፣ ውሃውን ያጠጡሽ ልጁን እንድታሳድጊ ነው፣ ተከትለሻት እንድትሞቺ አይደለም" አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። ሾርባው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ሐኪሙን አስጠራችው። "ደም አሁንም አልቀበልም። ይህ የኔ ነው፤ እህቴ ያንን ባትልም ይህንኑ እል ነበር። ግን እህቴ ጊዜ ያላገኘችለትን ልጠይቅህ። ደሜን በመድኃኒት ልትገነቡልኝ አትችሉም?" አለችው። "የመጀመሪያው ቀን ልነግርሽ ስጀምር ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽብኝ እኮ!" አላት። አሁን መፍሰሱን የሚቀንስ መርፌ፣ ደም የሚገነባ መድኃኒትም በጉሉኮስ ጀምሮላታል። ቀዶ ጥገናው ለፋሲካ ሰሞን ተገፋ። እስከዚያ ደሟ ከፍ ካለ ተስፋው ይሻላል፣ ቃል ግን አልገባም ብሎናል። በየጠዋቱ የዓይኗን ሽፋን ገልጬ ቀላ ወይ ብዬ አያለሁ። አንዳንድ ቀን የቀላ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ያው ነው። ፈርቻለሁ ካባሶ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እደነግጣለሁ።

አንተን የምለምንህ፣ ሐኪሙ ጋ እደውላለሁ ያልከውን ተው። ይልቅ ለራሷ ደውልላት። ስለ ደም አታንሳባት። በልጅነታችሁ እንደምታሾፍባት፣ አንቺ ቀጭን አንበጣ በላትና አሳቃት። ስትደውል ግን ምዊላ እንዳትላት። ቺሌሼ ብለህ ጥራት። እኔም እየለመድኩ ነው።

አጎትህ ሙሶንዳ ሰላም ይልሃል። እሱም እንደ እኔ አፉን እያረመ ነው። የኩንዳ እናት ዓሣ የማይሸት ፎቶ ላክልን ትልሃለች። ንጎሳ ስምህን አስተካክሎ መጥራት ጀምሯል። ንዳፔዋን ጉንጯን፣ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ቺሌሼ በራሷ አፍ እንድትነግርህ ብዬ የእሷን ሰላምታ አልጻፍኩትም።

የምዊላ፣ የካባሶና የቺሌሼ እናት

ሉዋንሺያ፣ ማርች 9 ቀን 2019