የጋሽ ራጃ ዘር የተቆጠረበት ደብተር

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ነገ አስራ አንድ ወር ይሞላል። ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ፣ ሐሳብ አይግባህ» ይባላል፤ አንተ ግን ውሸቴን ከድምፄ ትለይ ስለነበር ከወረቀትም አታጣውም። ደህና አይደለሁም። ነገ ሐሙስ ጠዋት ጥቁሩን ደብተርህን ይዤ ሰው ፊት መቅረብ አለብኝ። ከእሁድ ጀምሮ እህል አልዋጥልሽ ብሎኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደተውከው ነው፤ ሊፍታችንም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ መንገራገጩን አልተወም። ባለቤቴ ዘሪሁን ታክሲውን ትቶ ደለስ ኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ሊያ የፊት ጥርሶቿ በቅለውላታል፤ በማጉያ መነፅርህ ጉንዳን ስታይ ትውላለች። አንተን አንስተን በአማርኛ ስንጠይቃት «ሂ ዋዝ ፈኒ» ብላ ትመልሳለች። ካፖርትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ዘሪሁን ለሰው እንስጠው ብሎ ሁለት ጊዜ አወረደው፤ ሁለት ጊዜ መለስኩት።

ጋሽ ራጃ ታመዋል፣ አባዬ። ስሙን ያወጣህላቸው አንተው ነህ። አሌክሳንድሪያ ትሠራበት ከነበረው ፓርኪንግ ጋራዥ በላይ፣ ስምንተኛ ፎቅ የሚኖሩት የህንድ ሽማግሌ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በአገራቸው አንዲት ትንሽ ግዛት ይገዙ እንደነበር የነገሩህ ቀን «ታዲያ ጋሽ ራጃ ነዎታ!» አልካቸው፤ በዚያው ቀረ። ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው እየወረዱ ከቲኬት መቁረጫህ ጎን ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ምሳህን ይዤ ስመጣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የነገሥታቶቻቸውን ስም እየጠሩ፣ አንተ በጥቁሩ ደብተር ላይ እየጻፍክ አገኘኋችሁ። መውጫው ላይ የቆመ ባለመኪና ጥሩንባውን ያስጮሃል፤ አንተ ደግሞ «አንድ ንጉሥ ቀርቶኛል» ብለህ በአማርኛ እጅህን ታነሳበታለህ። ከሥራ ያባርሩሃል ብዬ ተቆጣሁህ። ደስታህን ግን አይቻለሁ።

ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማርክ ሰው ነህ። ሰው ተዋወቅክ ማለት ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርክ ማለት ነበር። እዚህ አገር እንኳ ልጆቻቸው ሊጋቡ ሲሉ ወላጆች ኮል ያደርጉልህ ነበር፤ ዝምድና እንዳይኖር አጣራልን ይሉህ ነበር። የጋሽ ራጃን የቤተሰብ መዝገብ አገራቸው ላይ ምስጥ በልቶት ስለነበር ከእሳቸው አእምሮ በቀር የትም አልተረፈም። አስራ አራቱንም ገዢዎች በአማርኛ ጻፍክላቸው።

ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ስምም ከስም ይደበላለቅባቸዋል። የህንድ መንግሥት ማዕረጋቸውን ከሻረው እንደቆየ ታውቃለህ። ዙፋን የለ፣ ግብር የለ፤ የቀረው አንድ ጥምጥምና የቤተሰቡ ቤተ መቅደስ ቁልፍ ነው። ጋሽ ራጃ ይህንኑ ለአንድ ልጃቸው ለቪክራም ማውረስ ይፈልጋሉ። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ የሚገባው ለእኛ ነው ብለው ተነሥተዋል፤ በሚመጣው ወር የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይወስናሉ። ቪክራም ያንተን ደብተር አስታውሶ ከስፕሪንግፊልድ ደወለልኝ። ወደ እንግሊዝኛ መልሼው ሐሙስ ሰነድ በሚያረጋግጥ ኖታሪ ፊት እንድፈርም ለመነኝ። እኔም ኮራሁብህና ሳላየው እሺ አልኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገለጥኩት። እስከ አስራ አንደኛው ገዢ ድረስ እንደ ውሃ ወረደልኝ። አስራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ መልሼ መላልሼ አነበብኩት። የጋሽ ራጃ አያት ጎፓል ከእሱ በፊት ለነበረው መካን ገዢ በልጅነቱ የተሰጠ ማደጎ እንደነበረ አንተው ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ መኪና እየነዳሁ ነግረኸኛል። በደብተሩ ግን ጎፓልን ያስገባኸው ከወለደው ከገዢው ወንድም ሥር ነው። ባሳደገው ገዢ ስም አጠገብ ደግሞ «ዘር የለውም» ብለሃል። ጎፓል ታላቅ ወንድም ነበረው፤ የሚከራከሩት የዚያ ወንድሙ የልጅ ልጆች ናቸው። ጎፓል በወላጁ ከተቆጠረ ታላቅየው ይቀድመዋል፤ ጋሽ ራጃም ልጃቸውም ከመስመሩ ይወጣሉ።

እንዴት እንደሳትክ ገብቶኛል። እንደልማድህ «ማን ወለደው?» እያልክ ጠየቅካቸው። በኛ ቆጠራ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ለጋብቻ ደም እንጂ ማሳደግ አይጠየቅም። እሳቸውም እውነተኛ ሰው ናቸውና የወለደውን ነገሩህ። ክፋት ከማንም የለም። ግን በጋራዥ ውስጥ የተጻፈ አንድ መስመር አልጋ ላይ የተኙ ሽማግሌን ከአባቶቻቸው ሊነቅል ነው።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ከደብተሩ መጨረሻ የኛን ዘር አገኘሁ። ያንተ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፤ ካንተ ስም ሥር ግን ባዶ ነው። በሚቀጥለው ገጽ «ጥሩወርቅ ተሰማ» ይልና ወደ ላይ ሰባት ቤት ይወጣል። አባዬ፣ ግሪን ካርዴም መንጃ ፈቃዴም ጥሩወርቅ በላቸው ነው የሚሉት። ጓደኛህ ተሰማ ሞቶ፣ እናቴም ታማ፣ በአምስት ዓመቴ ለአንተ ስትሰጠኝ ሽማግሌ ፊት አውራ ጣትህን ማር ቀብተህ አስጠባኸኝ፤ የጡት ልጅህ ሆንኩ። «አንቱ» ስልህ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ በይኝ» ያልከኝ ያኔ ነው። የማሩን ጣዕም አልረሳሁትም። የተሰማን ፊት ግን አላስታውሰውም።

ቀብርህ ላይ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ «የጡት ልጁ ናት» ብላ ለጓደኛዋ ስትነግር ሰምቻለሁ። ክፉ አልተናገረችም፤ እኔ ነኝ ይዤው የቀረሁት። አንተም «ዘር ከልጓም ይስባል» ትል ነበር፤ ሁላችንም እንስቅ ነበር። ደብተሩን ካየሁ ወዲህ ያ ሳቅ ከአንጀቴ እንዳልነበረ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባዬ ስልህ አንተ በልብህ የተሰማ ልጅ እያልክ ኖረህ ይሆን እያልኩ አውቶቡስ ላይ እንኳ ዕንባዬ ይመጣል።

ዘሪሁን ነገሩ ቀላል ነው ይለኛል። «አማርኛውን ማን ያነባል? ትራንስሌት ስታደርጊ አስተካክይውና ጨርሺ፣ ኢትስ ኖት ኤ ቢግ ዲል» አለኝ። እኔ ግን በአንተ እጅ ጽሑፍ ልዋሽ ነው። እንዳለ ብተረጉመው ደግሞ ጋሽ ራጃን ልገድላቸው ነው። ሰኞ ሥራ ቦታ በሐሳብ ጠፍቼ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ በር ከፈትኩ።

ትናንት ማክሰኞ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ጋሽ ራጃ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ደብተሩን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ጎፓል ጋ ስደርስ ደህናው እጃቸው የወንበሩን ክንድ መታው። አፋቸው ጠምሞባቸው፣ ቃል በቃል እያረፉ ነገሩኝ። «አባትሽ ‹ማን ወለደው?› አለኝ፣ እኔም መለስኩለት፤ በኛ ቤት የሚጠየቀው ግን ‹እሳቱን ማን ለኮሰ?› ተብሎ ነው» አሉኝ። ገዢው ሲሞት አስከሬኑ የሚቃጠልበትን እሳት የሚለኩሰው ወራሹ ነው። ልጅ ያልወለደ ልጅ የሚቀበለውም ለዚያ ቀን ነው። ጎፓል በዘጠኝ ዓመቱ ለኮሰ፤ ከዚያ በኋላ የወላጁን ስም ማንም በሱ ላይ አልጠራም።

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ አንተ ጀመሩ። ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት በነበረው ሳምንት ስህተትህን ነግረውህ ነበር ለካ። ሳል እስኪይዝህ ሳቅክ አሉኝ፤ «አስተካክለዋለሁ፣ እኔም ቤት አንዲት አለችኝ» አልካቸው። እሳቸውም «የሷንስ ከማን ሥር ጻፍክ?» ብለው ጠየቁህ። አንተም «የወላጇን ሰባት ቤት ለቃቅሜ ጻፍኩላት፣ አለዚያ በዚህ አገር ለልጆቿ ማን ይነግራቸዋል፤ ከእኔ ሥር መጻፍ ግን አላስፈለገኝም፣ እሷ የኔ...» አልክና አንድ የአማርኛ ቃል ተናገርክ። እንግሊዝኛውን አጣሁት ብለህ ሳትነግራቸው ሄድክ። ጋሽ ራጃ ቃሉን ይዘውት ቆይተዋል። የልጃቸው ስም የሚጠፋባቸው ሰው በጠማማ አፋቸው «ቀባሪ» አሉኝ። ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ።

 ቀባሪ አያሳጣህ ተብሎ ሲመረቅ ለምን አሜን እንደሚባል ለባዕድ ሰው በምን ላስረዳ? ካለቀስኩ በኋላ፣ እሳቱን የሚለኩሰው ማለት ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምንም አልሰርዝም፣ አባዬ። የጻፍከው እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን ጎደሎ ነበር። ትናንት ቪክራምን ጠርተነው፣ እሱ ባለበት፣ ከእያንዳንዱ ገዢ ስም ጎን እሳቱን ማን እንደለኮሰ ጋሽ ራጃ እየነገሩኝ በኔ እጅ ጻፍኩ፤ ያንተና የኔ ጽሑፍ እንዳይምታታ በቀይ እስኪርቢቶ ነው። የሁለቱን ማስታወስ አቃታቸው፤ እነዚያን ባዶ ተውኳቸው። በግራ እጃቸው ፈረሙ። ሽማግሌዎቹ የበሽተኛ ቃል ነው ብለው ይጥሉት፣ ወይም ያንተን መስመር ብቻ መዘው በጋሽ ራጃ ላይ ይፍረዱ፣ አላውቅም።  

በሚመጣው ወር ሙት ዓመትህ ነው። የዚያን ቀን ሊያን አጠገቤ አስቀምጬ ያንተን ሰባት ቤትም የተሰማንም እነግራታለሁ። በእንግሊዝኛ ትመልስልኝ፤ ስሞቹን ግን በቃሏ ሳትይዝ አልለቃትም። እኔ ዕድሜ እስካለኝ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም።

ዛሬ ጠዋት ከስምህ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ በዚያው ቀይ እስኪርቢቶ፣ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ወለደ አላልኩም። «በላቸውን የቀበረችው ጥሩወርቅ ናት» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ቀባሪህ፣
ጥሩወርቅ በላቸው