የዶሊና ልብስ በሰንበት ገመድ ላይ ዋለ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ቶርኩል፤

እንደምን ከረምክልኝ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ደብዳቤህ የበግ ጠጉር ስትሸልት ቀስፎ እንደያዘህ ብትጽፍልን ዶሊናም እኔም ስንብሰለሰል ነው የሰነበትነው። ባለቤትህ ሮናስ ደህና ናት ወይ? ልጆቹስ? ትንሿ ሌክሲን ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ አሁን ሙቀቱ እያለፈ ይሆናል። እዚህ ደሴታችን ላይ ብርዱ ገና ነው፤ ነፋሱ የዶሮ ቤቱን ክዳን ሁለት ጊዜ ወስዶ ሁለቴም ከጎረቤት አጥር ላይ ለቅመን መልሰናል። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም ጋሼ። በልቼ አልጠግብ፣ ተቀምጬ አላርፍ ብያለሁ።

ነገ ሐሙስ ምርጫ ነው። እህታችን ዶሊና የፓርላማ ወንበሯን ይዛ መቀጠሏ ወይም ማጣቷ ነገ ይለይለታል። ብትሸነፍ ግን ያሸነፋት ተፎካካሪዋ አይሆንም፤ እኔ ሙርዲና ነኝ። እንዳትቆጣኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

እሷ እንዴት እዚህ እንደደረሰች ታውቃለህ። ነገር ግን ያጠፋሁት ጥፋት የሚከብደኝ መንገዷን ሳስበው ስለሆነ ታግሠህ አንብብልኝ። አንተ በሄድክ በዓመቱ እኔና እሷ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ዘልዝለን በጨው ልናሽግ እንግሊዝ አገር እስከ ያርማውዝ ወደብ ወረድን። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጣታችንን በጨርቅ ብንጠቀልለውም ጨው እየገባ ይበላን ነበር። አንድ ቀን ዶሊና በርሜል ላይ ወጥታ ለአሠሪው «ቁስል የሚያስር ሰው እስኪመጣ ድረስ አንዲትም ሴት ቢላ አታነሳም!» አለችው። እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ተደብቄ «ውረጂ፣ ታስባርሪናለሽ» እያልኩ ቀሚሷን ስጎትት ቀደድኩባት። እሷ አልወረደችም። በማግስቱ ነርስ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ከዚያ በርሜል ላይ የወጣ ነው። ለአውራጃው ምክር ቤት ስትመረጥ በመካከላቸው ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ የቧንቧ ውኃ ጉዳይ ይታይልን ብላ ሦስት ዓመት ለመነቻቸው። በመጨረሻ ከእኛ ጉድጓድ ያን ቡናማ ውኃ በባልዲ ተሸክማ ሄደች፤ ሻይ አፍልታ ለእያንዳንዳቸው ቀዳችላቸው። «ጠጡ እንጂ፣ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንጠጣው ነው» አለቻቸው አሉ። ውኃው በዓመቱ ገባልን። ከዚያ የፓርላማ አባል ሆና ለንደን ሄደች፤ እነሆ አራት ዓመቷ። እዚያም ሆና እሑድ ባቡር ላይ ወጥታ አታውቅም፤ መርከብ ለመያዝ ስትል ሰንበትን ሽራ አታውቅም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሌላው ሰው አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ጉዴ ልምጣ። ቅዳሜ ዕለት ሳምንቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ቆመና አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን፣ የለንደን ስቶኪንጎቿንና ያን በየስብሰባው የምትለብሰውን ቀይ ሹራቧን አጥቤ አሰጣሁ። ከዚያ እንደ ደንባችን የሰንበቱን ድንች ላጥኩ፣ ማገዶ አስገባሁ፣ ጫማ ጠረግሁ። ይህን ስጨርስ ጋዜጣ መጣ። ዶሊና መሸነፏ አይቀርም የሚል ጽሑፍ ወጥቶበታል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ልብሱ ከነገመዱ ከልቤ ወጣ።

እሑድ ጧት መጋረጃውን ስገልጥ ሁሉም ተሰልፎ ይውለበለባል። አንተም ታውቃለህ፣ በደሴታችን በሰንበት ገመድ ላይ ልብስ ማዋል ሰንበት መሻር ነው። ሄጄ እንዳላወርደው በሰንበት ማውረዱም ሥራ ነው፤ እንዳልተወው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው መንደር በሙሉ በእኛ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። ዶሊና ሻይዋን ይዛ ከኋላዬ መጥታ አየችና «ተይው፣ አሁን ብታወርጂው ጥፋቱ ሁለት ይሆናል። ምናልባት ነፋሱ ይወስድልን ይሆናል» አለች። የዶሮ ቤት ክዳን የሚወስደው ነፋስ የዚያን ዕለት ልብስ ብቻ ማወዛወዝ አማረው። ሰዉ ጥቁሩን ለብሶ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ አለፈ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጋሽ ኒል ባርኔጣቸውን ለሰላምታ አነሡ፣ ቀዩን ሹራብ አዩ፣ መልሰው አጠለቁ።

ሰኞ ጧት ጋሽ ኒል በራችንን አንኳኩ። የከፈተችው ዶሊና ናት፤ እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜያለሁ። «ትናንት ያየነው ልብስ የማን ነው?» ሲሏት «የእኔ ነው ጋሽ ኒል» አለች። «ለንደን ሰንበት የለም መሰለኝ» አሏት። «ሰንበትማ አለ። ጥፋቱን ግን አልክድም» ብላ በሩን በክብር ዘጋች። ልብሱን ማን እንዳሰጣው አልጠየቋትም፣ እሷም አልነገረቻቸውም።

ለምን እንዲህ አደረገች እንዳትል። የፊታችን እሑድ የጌታ ራት አለን። አሥራ ሁለት ዓመት «አልበቃሁም» እያልኩ ከማዕዱ ርቄ ስቀመጥ ኖሬ በዚህ ዓመት ነው ሽማግሌዎቹ መርምረው የተቀበሉኝ። ቅዳሜ ያችን ወደ ማዕዱ የምታስገባ ትንሽ ብረት በእጄ ሊሰጡኝ ነው። ሰንበት የሻረ ግን አይሰጠውም። ዶሊናን ለምን ብላት «አንቺ ለማዕዱ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቀሻል፤ እኔ በወንበሩ የተቀመጥኩት አራት ዓመት ነው። ደግሞስ መች ዋሸሁ? ልብሱ የእኔ ነው። ፓርላማ ስትገቢ እውነትን በልክ መቁረጥ ትማሪያለሽ» አለችኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን በሁለት ቀን ነቀዘ። ሱቅ ብሄድ «ዶሊና ለንደን ገብታ ሰንበቷን ሸጠች» ይባላል። በየመስኮቱ ተለጥፎ የነበረው ፎቶዋ አንድ በአንድ ይነሣ ጀመር። ሸማኔው ኬኔት፣ ያ ከልጅነቷ ጀምሮ «የእኛ አንበሳ» ሲላት የኖረው፣ የእሱም መስኮት ባዶውን ቀረ።

ትናንት ማክሰኞ በትምህርት ቤቱ የመጨረሻው ስብሰባ ነበር። እኔ እንደ ወትሮው ከኋላ ሆኜ ሻይ እቀዳለሁ። ዶሊና ወደ ደሴታችን ስለሚመላለሰው መርከብ መዘግየት ተናግራ ስትጨርስ ኬኔት ብድግ አለና «የተከበሩ የፓርላማ አባል፣ ለንደን ውስጥ የልብስ አጠባው ቀን እሑድ እሑድ ነው እንዴ?» አላት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዶሊና «ኬኔት፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ጥፋት ነው» ብላ ልትቀጥል ስትል እኔ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ራሴን ስናገር ሰማሁት። «ያጠብኩትም፣ ያሰጣሁትም፣ የረሳሁትም እኔ ነኝ» አልኩ። ዶሊና «ሙርዲና፣ ቁጭ በይ!» ብላ ጮኸችብኝ። አልተቀመጥኩም።

ያኔ እማማ ፔጊ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤታችን፣ ከፊት ወንበር አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «አይ ሙርዲና፣ መች ጠፍቶን!» አሉ። «ዶሊና ከተወለደች አንሶላ ቀጥ አድርጋ አስጥታ ታውቃለች? ያ ልብስ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ጠርዝ በጠርዝ ተገጥሞ ነበር። እንዲህ የምታሰጣ በዚህ መንደር አንዲት ሴት ናት። እኛ ሴቶቹ እሑድ ጧት ገና ከድልድዩ ነው ያወቅነው።» ቀጥለው ደግሞ «እኛ ስንጠብቅ የሰነበትነው ሌላ ነው። እህትሽ በአንቺ ፋንታ እስከ መቼ ትሰደባለች ብለን ነው» አሉኝ።

ጋሼ፣ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። እንዲያም ቀሎኝ አያውቅም። ኬኔት አቀርቅሮ ተቀመጠ። ጋሽ ኒል ሲወጡ በአጠገቤ አለፉና «የማዕዱን ነገር ቅዳሜ እንነጋገርበታለን» ብቻ አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ወደ ቤት ስንመለስ ዶሊና ድልድዩ ላይ ቆመችና «ያርማውዝ ላይ ቀሚሴን እንደቀደድሽው ታስታውሻለሽ?» አለችኝ። አስታውሳለሁ ስላት «ዛሬ ገና ለቀቅሽልኝ» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ስታለቅስ እንዳላያት ፈልጋ ከፊቴ ፈጠን ብላ ሄደች።

ይኸውልህ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ጧት በኬኔት ቤት በኩል አልፌ ነበር፤ መስኮቱ አሁንም ባዶ ነው። ስለዚህ ነገ የሚሆነውን አላውቅም፣ ቅዳሜም የሚሆነውን አላውቅም፣ ፍርሃቱም አልለቀቀኝም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሁሉም ያረጀ ወሬ ይሆናል፤ ጸሎትህ ግን አያረጅምና ጸልይልን።

ቀዩን ሹራብ ለነገው አጥቤው ነበር። ላሰጣው ስል ዶሊና ከእጄ ነጠቀችኝና ራሷ ወጣች። አሁን ስጽፍልህ በመስኮቱ ይታየኛል፤ አንዱን እጅጌ ብቻ በአንድ መቆንጠጫ ይዛ፣ ቁልቁል ዘቅዝቃ፣ እንደ ተያዘ ዓሣ አንጠልጥላዋለች። ሄጄ እንዳላቃናው እጄን ከጠረጴዛው ጋር ይዤው ተቀምጫለሁ። መንገደኛው እያየ ያልፋል። የማን እጅ እንዳሰጣው ከሩቅ ያውቃል።

ሮናን በእኔ ስም ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን ዩዋንን ስለ ላከልን ፎቶ አመስግንልኝ፣ አገጩ የአባታችን ነው። ሌክሲን ሁለቴ ሳማት፣ ለሳሏ ትኩስ ወተት በማር አይለያት። እማማ ፔጊ «ያ ቀበጥ ቶርኩል ሳልሞት ይምጣ» ብለውሃል። ዶሊና ደግሞ «ካሸነፍኩ ቴሌግራም አደርግለታለሁ፤ ከተሸነፍኩ ራሴ መጥቼ በጎቹን እቆጥርለታለሁ በይልኝ» ብላለች። የትኛው እንደሚደርስህ ስጠብቅ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣

እህትህ ሙርዲና

ቦርስታ መንደር፣ ስኮትላንድ
ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1950