አንድ ስም ለመጥራት የፈጀብኝ ሳምንት

ቶሮንቶ፣ መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ልበልሽ እንጂ ዛሬስ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል። ይህችን ስጽፍ እንኳ ሦስቴ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር አብሮኝ የሚኖር ኦቢዮራ የሚባል ናይጄሪያዊ አለ፤ ኢግቦ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤት ቀለም ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ መንጋጋው ተሰበረ። ሐኪሞች ጥርሱን በሽቦ ስላሰሩት መናገር አይችልም። አገሩ ግን ሞተ ተብሎ ተወራ። ለሰፈራቸው ቄስ በእንግሊዝኛ ደውዬ ደህና መሆኑን ነገርኳቸው። እሳቸው ቢነግሯትም እናቱ መርዶ የደበቋት መሰላት፤ እህል አልቀምስም አለች።

ኦቢዮራ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ "አግቦማ፣ አዲ ም ንዱ በልልኝ።" በሕይወት አለሁ ማለት ነው። አግቦማ እሱ ብቻ የሚጠራት የቁልምጫ ስሟ ነው፤ እሱን ከሰማች ቃሉ የልጇ መሆኑን ታምናለች።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ግ እና ብ በአንድ ትንፋሽ እኩል ነው የሚወጡት። "አግ... ቦማ" ስል ራሱን ይነቀንቃል፤ "አቦማ" ስል ዓይኑን ይጨፍናል። ያበጠ ከንፈሩን ገጠም ፈታ እያደረገ ያሳየኛል። በቋንቋቸው ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይለወጣልና፣ ድምፁ ከፍ የሚልበት ላይ የአልጋውን ብረት፣ ዝቅ የሚልበት ላይ ፍራሹን በጣቱ ይመታልኛል።

"ተሳስቼ ሞተ ብያት ብገኝስ?" አልኩት።

"ድገም" ብሎ ጻፈ።

አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ስለማመድ ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር።

ትናንት እሁድ ከሆስፒታሉ ቄሱ ቤት ደወልን፤ እሳቸውም እናቱን ጠርተው ስልኩን ሰጧት። አልኳት። ገደልኩት ብዬ ደነገጥኩና ደገምኩት። ያኔ ጮኸች፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም። ኦቢዮራ ጆሮውን ከጆሮዬ አስጠግቶ እንባው ይወርዳል።

ቀጥላ ግን እኔን ትጠይቀኝ ጀመር። "ኢ ቡ ንዋ ኦንዬ?" ትላለች ደጋግማ። ግራ ገባኝ። ኦቢዮራ ጻፈ፦ "የማን ልጅ ነህ ነው የምትልህ።"

"ውብአለም" አልኩ። "የውብአለም ልጅ።"

"ኡባ... ኡባለም" አለች። ስምሽን ለመያዝ ስትታገል ስሰማ አልቻልኩም፤ ስልኩን ለኦቢዮራ ሰጥቼ ኮሪደር ወጣሁ።

እማዬ፣ ሁለት ዓመት ያልደወልኩት ስልክ አጥቼ አይደለም። የመኖሪያ ወረቀቴ ይውጣ፣ ደህና ሥራ ላግኝ፣ ደህና ወሬ ይኑረኝ እያልኩ ነው። አንቺ ጋ ስለ እኔ ምን ተወርቶ ይሆን? ይህን ሳስብ ነው ተነስቼ የምዞረው።

ደብዳቤው እንደደረሰሽ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችን እነ ዘውዴ ቤት ሁኚልኝ፤ የስልክ ቁጥራቸውን አልጣልኩትም። ከተቆጣሽኝም ተቆጪኝ፣ ብቻ ድምፅሽን አሰሚኝ።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ምርቃትሽም አይለየኝ።

ልጅሽ ታዴዎስ