የለበሰ ወርቅ

ሰኞ

…ትናንት ሃዋ ሻዩን ስታቀብለኝ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር ይንቀጫቀጭ ነበር። «በርዶኛል» አለች። ሆሞሻ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ። አመንኳት። ወይም ማመኑ ቀለለኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ስትዋሽ ዓይኗን ታሸሻለች። አሽሽታ ነበር? አላስታውስም። ሻዩን ነበር የማየው።

ከቤቷ በጠርሙስ ይዤ የመጣሁትን የመጠጥ ውኃ ዛሬ አሶሳ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሞከርኩት። ለተማሪዎቼ «ንጹሕ ውኃ ይህን ይመስላል» ብዬ ላሳይበት ነበር። ቀዩ የወርቅ ፈሳሽ ውስጥ ጠብ አደረግሁ። ሐምራዊ ሆነ። ከዚያ ሰማያዊ።

ፈሳሹን የሠራሁት ሜርኩሪ ሲያገኝ እንዲህ እንዲሆን ነው።

ማክሰኞ

ደገምኩት። ሰማያዊ። በተጣራ ውኃ ሞከርኩ፤ ቀይ ሆኖ ቀረ።

ገመቹን ጠራሁት፤ ላቦራቶሪውን የሚጋራኝ የባምባሲ ልጅ። አየና «ምናልባት ወርቅሽ በደንብ አልለበሰ ይሆናል» አለ።

ይህን ቃል ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ራቁታቸውን ከቀሩ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሲጣበቁ ቀለማቸው ይለወጣል። ለዚህ ነው ሊጋንድ የምናለብሳቸው፦ በአንድ ጫፉ ወርቁን ጨብጦ በሌላው ወደ ውኃው የሚዘረጋ ሞለኪውል። የእኔው ድኝ አለበት፤ ይሸታል። ባጃጅ ውስጥ ሰው ይሸሸኛል። ልባሱ ሙሉ ከሆነ ያጣበቃቸው ሜርኩሪ ነው። ልባሱ ከጎደለ ግን ትንሽ ጨው ያለበት ተራ ውኃም ያደርገዋል።

ወይ ሥራዬ ተበላሽቷል፣ ወይ እህቴ መርዝ እየጠጣች ነው። ሆዷ ገፍቷል። ከዚህ በፊት አንድ ጨንግፎባታል።

«ተበላሽቶ ቢሆን ምናለ» አልኩ ጮክ ብዬ። ገመቹ ሳቀ። «ሥራዬ ይበላሽልኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ረቡዕ

ልባሱን የሚያሳየው የእኛ ኢንፍራሬድ መሣሪያ መብራት ሲዋዥቅ ተቃጥሏል። ቅንጣቶቹን አጠብኩ፣ አደረቅሁ። ልባሱን እንድታይልኝ አዲስ አበባ ላለች የክፍል ጓደኛዬ ላክሁ። ዕቃውን የያዘልኝ ሰውዬ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ወርቅ» አልኩት። «እትዬ፣ አሶሳ ኤርፖርት ላይ በዚህ አይቀለድም!»

ለሃዋ ደወልኩ። ስለ እጇ ጠየቅኋት። «እጄ ምን ሆነ?» አለችና ወሬ ቀየረች፦ «ልጁ ይራገጣል። ልክ እንደ አባቱ፣ እረፍት የለውም።»

አባቱ ኢስማኢል ወንዝ ዳር ወርቅ ያጥባል። ወርቁን ከአሸዋው ለመልቀም እንደ ጓደኞቹ ሜርኩሪ ይጠቀማል። ግን ሃዋ የምትጠጣው የቦኖ ውኃ ነው። ቦኖው ከተበከለ ሰፈሩ በሙሉ…

አልጨርሰውም።

ዓርብ

ጓደኛዬ ውጤቱን በቴሌግራም ላከችልኝ። ድኝና ሃይድሮጅን ተያይዘው ሲኖሩ የሚታየው ምልክት ጠፍቷል። ድኙ ሃይድሮጅኑን ለቆ ወርቁን ይዟል ማለት ነው። ሌላኛው ጫፍ በቦታው አለ። የቀረውንም ምርመራ ሠርታዋለች፤ የጎደለ የለም።

«እንኳን ደስ አለሽ! ግጥም አድርጎ ለብሷል» ትላለች።

በዚህ ሥራ ከዚህ ያማረ ውጤት አግኝቼ አላውቅም። ገመቹ አነበበው። «እንግዲያስ ሜርኩሪ ነው» አለ፤ አልቀለደም።

ቅዳሜ፣ ሆሞሻ

ጠርሙሶቼን በጨርቅ ጠቅልዬ መጣሁ። መጀመሪያ ቦኖው ጋ ሄድኩ። ጀሪካን የሚሞሉ ሴቶች ከበቡኝ። «የሳል ሽሮፕ ነው እንዴ? ለእኛም ስጪን!» ጠብ አደረግሁ። ጠበቅሁ። ቀይ። እንደገና፤ ቀይ። ሳቅሁ፤ ሴቶቹም ያለ ምክንያት ከእኔ ጋር ሳቁ።

ከዚያ ወደ ሃዋ ቤት ገብቼ ከእንስራዋ ቀዳሁ። ሰማያዊ።

ውኃው ያው የቦኖው ውኃ ነው። እንስራው ግን የሚቀመጠው ማድ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ነው፤ ክዳን የለውም። ኢስማኢል ወርቁን ከሜርኩሪው የሚለየው እዚያው ምድጃ ላይ ነው፣ በመጥበሻ። ሜርኩሪው ተንኖ ከጭሱ ጋር ሣር ጣሪያው ላይ ያርፋል፤ ተመልሶ ይወርዳል። ውኃው ላይ፣ እህሉ ላይ፣ እሷ ላይ።

ለሁለቱም ነገርኳቸው። ምንም ሳልደብቅ። ልጁ ላይ የሚያደርሰውንም ጭምር።

ኢስማኢል ሰማያዊውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። «ወላሂ ያምራል» አለ። «አባቴም እዚሁ ነው ያነደደው። ስምንት ወለደ።»

«ስንቱ አደገ?»

ጠርሙሱን መልሶ ሰጠኝ።

«እሺ፣ ደጅ አንድድ። እሷ በሌለችበት።»

«ደጅ?» አለች ሃዋ፣ እሱ ሳይመልስ። «ደጅ ካነደደ ስንት እንዳገኘ ሰፈሩ ያውቃል። ባለፈው ሌቦች አጎቱን ለወርቁ ብለው ምን እንዳደረጉት ረሳሽው?»

«ከእኔ ጋር አሶሳ ነይ። እስክትወልጂ።»

«ኢንሻአላህ» አለች። ዓይኗን አሸሸች።

ይህን የምጽፈው ግቢያቸው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ነው። ኢስማኢል ከኪሱ ገና ከሜርኩሪው ያልተለየ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ወርቅ አውጥቶ ማድ ቤት ገባ። ሃዋ ከጎረቤት ፍም ተቀብላ መጣች። ተነሥቼ ክንዷን ያዝኩ።

«ልቀቂኝ፣ ይጠፋብኛል» አለች።

ለቀቅኋት። ገባች። በሩ ከውስጥ ተዘጋ።