የመኪና ማጠቢያ የሆነው የጨረር መከለያ

ለመንገድ ሥራው አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሞጣ

ቀን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከእናቶች ማቆያ ግድግዳ ሥር የተቀመጠው የጋማ ጨረር ምንጭ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

1. እኔ አመልካች ከሞጣ ወጣ ባለ ቀበሌ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ይርጋነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ አሁን የሁለተኛውን ምጥ ሐኪም አጠገብ ሆና እንድትጠብቅ ማቆያው ገብታለች። ክፍሉ አንድ ነው፤ አልጋዋም ከመጋዘንዎ ጋር የሚያዋስነውን ግድግዳ ይነካል።

2. በጋማ ጨረር የሚሠራውን የመንገድ አፈር ጥግግት መለኪያ ቢቸና ላይ ሮለር ስለገጨው፣ የጨረሩ ምንጭ ወደ እርሳስ መከለያው አልመለስ ብሏል። መሥሪያ ቤትዎ ሞጣ መጋዘኑ ውስጥ አምጥቶ በውሃ በርሜል ከበበው። አቤት ስል ውሃው ጨረሩን እንደሚውጠው፣ የተረፈውንም አየሩ እንደሚያሳሳው በስሌት ተመለሰልኝ። ስሌቱን አይቼ አፈርኩ። የተቆጠረው በቀጥታ የሚያልፈው ብቻ ነው። ጋማ ውሃ ውስጥ ሁሉም ተውጦ አይቀርም፤ እየተጋጨ አቅጣጫ ቀይሮ በዚያኛው በኩል የሚወጣው ብዙ ነው። አንድ በርሜል ውሃ አልፎ የሚደርሰው መጠን ከስሌታችሁ ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ከላይም ክዳን የለውም፤ ሽቅብ የወጣው ከአየር ጋር ተጋጭቶ ግድግዳውን ተሻግሮ ይወርዳል።

3. ይህን እንኳ በትዕግሥት ይዤው ነበር። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴን ልጠይቅ ስመጣ የከተማው ቧንቧ እንደልማዱ ጠፍቷል፤ ዘበኛው ከበርሜሎቹ እየቀዳ የጽሕፈት ቤቱን መኪና ያጥባል። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ የጨረሩን መከለያ ሊያይ የሚመጣው ኮሚቴ በንጹሕ መኪና እንዲዞር ታዞ ነው አለኝ። በግድግዳው በኩል ያሉት በርሜሎች ባዷቸውን ቀርተዋል። ኮሚቴው መጣ፤ ከበር ላይ ሆኖ ጥሩ ነው ብሎ ለምሳ ሄደ።

4. ውሃው ራሱ አልተመረዘም፤ ሰው ማስደንገጥ አልፈልግም። ምን ያህል ጨረር እንደሚያልፍም አላውቅም፤ የለካ የለምና። ይርጋነሽን ላውጣት ብል ምጥ ሲመጣ ኦፕራሲዮን አይደርስላትም። ልተዋት ብል ጀርባዋን ለዚያ ግድግዳ ሰጥታ ታድራለች። አንተ ፊዚክስ ታስተምር የለ፣ ልቆይ ወይስ ልውጣ ብላ ጠየቀችኝ።

ስለሆነም ምንጩ በባለሙያ ተለክቶ፣ በእርሳስ ተከልሎ በአስቸኳይ እንዲነሳ እጠይቃለሁ። እስኪነሳ ድረስም እናቶቹ የእርስዎን ቢሮ፣ እርስዎና ኮሚቴው የእናቶቹን ክፍል እንድትይዙ አመለክታለሁ። የይርጋነሽ አልጋ የቱ እንደሆነ መጥቼ አሳይዎታለሁ።

ከማይቀረው ሰላምታ ጋር
ስጦታው ባየ
(ፊርማ)