ሱሪ የሚያሳጥረው ደንበኛ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት፣ ቃልሽን ጠላት አያግኘው። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የአክስትሽ ጉልበት ተሽሏታል፤ አፏ ግን ያው ነው። «ታሪክ ተምራ ምን ልትሆን ነው? ያለፈውንማ እኛው ኖረነው የለ» ትላለች። አባትሽ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ስለመቱበት ጊዜ የጻፍሽውን የመመረቂያ ጽሑፍ ቀስ እያልኩ አንብቤ ጨረስኩት። ያልገባኝን ቃል አስምሬበታለሁ።

ስፌት ቤቱም ደህና ነው። አንድ አዲስ ደንበኛ መጥቶልኛል። ትሑት ሰው ነው፣ «እናቴ» እያለ ነው የሚያዋራኝ። በየሳምንቱ ሱሪ ሊያሳጥር ይመጣል፤ ሱሪዎቹ ግን የእሱ ልክ አይደሉም። ያሳጠርኩለትን ሳይወስድ ሌላ ያመጣል፤ ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ተሰቅለዋል።

ባለፈው ማክሰኞ «ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ጽሑፏን ወደድነው» አለኝ። እኔ ለማንም አላሳየሁትም። ነገሩ ደስ ስላላለኝ «እሷ እንደሆነ ዘንድሮም አትመጣም» አልኩት።

ሳቀ። «ኧረ እናቴ፣ ለክረምት ትኬት ቆርጣለች እኮ። አልነገረችዎትም?»

ድንገት ደርሰሽ ልታስደስቺኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው። ደብዳቤውን ይዛልሽ የምትመጣው ነርሷ ጎረቤታችን ናት፣ እመኛት። እባክሽ ልጄ፣ ትኬቱን መልሺ። ስትደውዪ «ትምህርት በዛብኝ» በዪኝ። እኔም እቆጣሻለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ። ስልክ ላይ አልቅሼ «ነይ» ብልሽ እንኳ አትስሚኝ።

ፈጣሪ ባለሽበት ያጽናሽ።

እናትሽ