የአያ ታከለ ዐይንና የእኔ እጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፤ ለዓመታት ሲያቃስት የኖረው የቤታችን ቁምሳጥን ዛሬ ጠዋት ድምፁ ለዘለዓለም ተለይቶናል። ገዳይዋ እናቴ የትነበርሽ ናት። የገደለችው በምግብ ዘይት ነው። ቀብር የለም፤ ውስጡ ልብስ አለ።

ይቅር ይበለኝ... ግን እውነት አናዶኛል። ያንን ሲጢጢጥ የሚል ድምፅ ለወንጀል ትሬለሬ አስቤው ነበር። ሌባ በር ሲከፍት በሩ ካልጮኸ ምኑን ሌባ ሆነ?

ለወጣት ማዕከሉ ውድድር ነው። የአንድ ደቂቃ ትሬለር፣ የወንጀል ፊልም ማስታወቂያ። ሽልማቱ ካሜራ። እውነተኛ ካሜራ! የእኔ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቆ ሁሉንም ሰው ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለው አስመስሎታል። የሚታየው እሁድ ኅዳር 15፣ ስድስት ሰዓት ላይ። «ሠሪው በአካል ካልተገኘ ሥራው ይሰረዛል» ይላል ወረቀቱ።

ፊልሙስ? ፊልም የለም። ትሬለር ብቻ። ማን ይጠይቀኛል?

የሚጮኽ በር... የት አለ? የእድሩ ዕቃ ቤት! ምነው እስካሁን አልመጣልኝ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተቀረጸ።

የእድራችን ዕቃ ያዥ አያ ታከለ ናቸው። ቁልፉን አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ኖረዋል። ልጃቸው ራሔል መርማሪ ፖሊስ ሆና ባትተውንልኝ አይከፍቱልኝም ነበር። ከፈቱ፤ በሩም ጮኸ፤ እኔም እልል ልል ነበር።

«ሃያ ሁለት ድስት፣ አራት ጎላ፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ጥሩምባ» ብለው ቆጠሩልኝ።

«አያ ታከለ፣ የሸረሪቷን ድር ረሱት።»

«እሱን አንተ ትቆጥረዋለህ፤ ሥራ የለህም።»

ጥሩምባ ነፊው አያ ውዱም መጡ። ሰው ሲሞት፣ ስብሰባ ሲኖር ሰፈሩን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጥሩምባውን ገና ሳልቀርጸው አሥር ጊዜ በጋቢያቸው ወለወሉት። «ሙሽራ አደረጉት እኮ» አልኳቸው። ካሜራውን ቀስ እያልኩ አስጠጋሁ... አስጠጋሁ... አፉ ድረስ።

«ምነው እንዲህ ቀረብህ? ይቺ የተጨረመተችው ጎድጓዳ ትታያለች እንዴ?» አሉ አያ ውዱ።

«ትታያለች ወይ? ውሃ ቢሞሉባት እኮ ጣና ናት!»

ራሔል ሳቀች፣ አያ ታከለ ሳቁ። ቀጠልን።

ከአያ ታከለ ፊታቸውን ብቻ ወሰድኩ። «ትወና አልችልም» አሉ። «ዝም ብለው ይቁሙ።» ቆመው ሳለ አንዲት ዶሮ ገባች። በዐይናቸው ጥግ ገላመጧት... አቤት ያቺ ግልምጫ! ሊዘርፉት ያሰቡትን ባንክ የሚያዩ ነው የሚመስለው።

እጅ ቁልፉን ሲከፍት ደግሞ ያስፈልገኝ ነበር። ጋቢያቸውንና ቁልፉን ለራሔል ትተው ወጣ ብለው ነበርና ጋቢያቸውን ደርቤ በራሴ እጅ ከፈትኩት። ራሔል ቀረጸች። የሚያምር እጅ አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ስቆርጥ ስቀጥል ዋልኩ።

ዶሮዋን ጣልኳት። ግልምጫ፣ ቀጥሎ ቁልፍ። ግልምጫ፣ ቀጥሎ እጅ። ግልምጫ፣ ቀጥሎ ጥሩምባ። አያ ታከለ ሦስቱንም የተመኙ መሰሉ! ያዩት እኮ አንዲት ዶሮ ነው። አስማት ነው ወይስ ኃጢአት?

በሩን ስልኬን አጋድሜ ስለቀረጽኩት ቤቱ ሁሉ የዘመመ ይመስላል። የልብ ምቱ ባዶ ጀሪካን ነው፣ በቡጢ። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ጀሪካኑ ምን አደረገህ?» ያለችው ገብቶበት ነበር፣ ቆረጥኩት። ከዚያ ጥቁር። ሁለት ሰከንድ ምንም የለም... ከዚያ ሲጢጢጥ... ከዚያ ጽሑፍ፦ «ሁሉም ያውቁታል። ቁልፉንም ሰጥተውታል።»

እኔው ሠርቼው እኔው ፈራሁት።

በሰፈሩ ቴሌግራም ለቀቅኩት። ስሙ «ቁልፍ ያዡ»።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አያ ታከለ መንገድ ላይ ትከሻዬን መቱኝ። «ሸጋ አድርገህ ሌባ አደረግኸኝ!» እየሳቁ ነው። አያ ውዱ ደግሞ ማልደው ኮላ ድባ ሄዱ፣ እህታቸው ዘንድ፣ ጤፍ ለማጨድ። ትሬለሩን አይተውት ይሆን? ምንም አላሉኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጥሩምባው ጠፋ።

ቀልድ አይደለም። የእድሩ ዳኛ አያ ህሩይ ለስብሰባ አዲስ ሰው ላስነፋ ብለው ዕቃ ቤቱን አስከፈቱ። ሃያ ሁለት ድስት አለ። አራት ጎላ አለ። ድንኳኑ አለ። ጥሩምባው የለም። መስኮት የለውም ቤቱ። ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም የት እንደሚውል አገር ያውቃል።

አያ ታከለ ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ምን ያስቆጥራል?

የእድሩ ሰዎች መጀመሪያ ወደ እኔ መጡ። ፈተሹኝ፣ ቤቴን ገለበጡት። ንጹሕ ነኝ! ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዋሽ ማልኩ፤ እናቴ እንኳ ደነገጠች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሱቅ በር ላይ ሰማሁ።

«በዐይናችን አይተነው የለም እንዴ? ገልመጥ አድርጎ... ቀስ ብሎ ከፈተ!»

«ጋቢውስ? የራሱ ጋቢ አይደለም?»

እየተሳሳቱ ነው አልኩ በሆዴ። በሆዴ ነው ያልኩት።

እማማ አየለች ብቻ ናቸው «ቆርጦ መቀጠል፣ ኤዲት የሚሉት ነገር አለ ይላሉ እኮ» ያሉት። «ኤዲት ቢሆንስ? እጅ ከየት ይመጣል?» ተባሉ።

ውዱስ ብሎ የጠየቀ የለም። ቄስ መስቀሉን ይሰርቃል እንዴ?

ከሰዓት ራሔል መጣች። አልተቀመጠችም።

«ያባቴን ፊት ከዚያ በር ጋር ማን አጋባው?»

«ትሬለር ነው እኮ ራሔል... ሁሉም ያውቃል።»

«ማንም አያውቅም። ንገራቸው።»

«ከእሁድ በኋላ። የውድድሩ ዳኞች ይዩት። ሌባው ዶሮ እያየ ነው ካልኩ ማን ይፈራል?»

ገላምጣኝ ወጣች። ዐይኗ የአባቷ ነው፤ ግልምጫውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ትሬለሩን አርባ ጊዜ አየሁት። ሠላሳኛው ላይ አንድ ነገር... አያ ታከለን ጠረጠርኳቸው። እኔ! ዶሮዋን በገዛ እጄ የቆረጥኩ! ግን ያ ዐይን... ዶሮስ እንዲህ ይታያል? ምናልባት ቀድሞም አስበውት ቢሆንስ?

አያ ህሩይንም ጠረጠርኩ፤ ስብሰባውን ምነው ድንገት ጠሩት? እናቴንም፤ ከአልጋ ሥር የደበቀችው ፌስታል ምንድን ነው? (አየሁት። የእኔ የድሮ ደብተሮች ናቸው። ምነው ደበቀቻቸው?) ሰው ሁሉ ጠባሳ ያለው ይመስለኛል። ስልኬ ነው ወይስ እኔ?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የሌባው ጉዳይ እሁድ ይታይ ተባለ። ጥሩምባ ስለሌለ ቤት ለቤት ጥራ ተብዬ እኔ ተላክሁ። «እግርህ ፈጣን ነው» አሉኝ። ቅጣት ነው፣ ገብቶኛል።

አንኳኳሁ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ!»

«ካሜራህን የት ደበቅኸው?»

ሌላ በር። «ሂድ ወደዚያ፣ ደግሞ ምን ልትሠራብን ነው?» አንዷ ጸጉሯን አስተካክላ ወጣች፤ ይቀርጸኛል ብላ።

ከሠላሳ ቤት ያመነኝ አራት ነው።

መጨረሻ የአያ ታከለ በር። ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ የለም፤ መዳፋቸው ላይ ነው።

«እሁድ አስረክባለሁ» አሉ። «ከእድሩም እወጣለሁ። ሌባ ነህ ካለኝ ሰው ጋር ድንኳን አልጥልም።»

«ኧረ አያ ታከለ...»

«ከእድር የወጣን ሰው ማን ይቀብረዋል፣ አንዳርጋቸው? አንተ ትቀብረኛለህ?»

እኔን በሙሉ ስሜ የጠራኝ ሰው የለም። አንዱ ነኝ እኔ። አንዱ ቀልደኛው። ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ ነው... ውድድሩ ስድስት ሰዓት። ሁለት ቦታ በአንድ እግር?

እሁድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። እስቲ ልጻፈው።

ግቢው ሞልቷል። (የእኔን ጥሪ ያላመኑ የጎረቤታቸውን አምነው መጡ።) አያ ህሩይ ተነሡ። «አውጫጭኝ ነው» አሉ። የጥንት ነገር ነው፤ ዕቃ ሲጠፋ አገሬው ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው በምስጢር ይጠቁማል፤ ጠቋሚው ወፍ ይባላል።

«ወፍ አለ ወይ?» አሉ።

«ወፉማ ስልካችን ውስጥ ነው!» አለ አንድ ሰው። ሳቅ። ስልኮች ወጡ። ሲጢጢጥ... ሲጢጢጥ... ከየአቅጣጫው የእኔ በር ይጮኻል። አያ ታከለ መሬት መሬት ያያሉ። ወደ ጎን እንኳ አያዩም፤ ፈርተው ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል። አሁን ብወጣ እደርሳለሁ። ተነሣሁ። ለመውጣት ይሁን ለመናገር አላውቅም ነበር።

«እጁ የእኔ ነው» አልኩ።

ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«እንዴት ያንተ?» አያ ህሩይ።

«ጋቢው የአያ ታከለ ነው፣ እጁ የእኔ። ዐይናቸው ያየው ደግሞ ዶሮ ነው።»

«የምን ዶሮ?»

«የቆረጥኳት።»

«ጭራሽ ዶሮም አርዷል!»

እማማ አየለች ብድግ አሉ። «እጁ ያንተ ከሆነ እንግዲህ ሌባው አንተ ነህ! ምን ያከራክራል?» ሕዝቡ ተስማማ። እንዲህ በፍጥነት ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። በሩን አንድ ሰው ዘጋው።

ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ከፍቼ ለአያ ህሩይ ሰጠሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዶሮዋ ገባች፤ ጥቂት ሰው ሳቀ። አያ ታከለ መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉ። መጨረሻው ላይ «በቃ» ብዬ መዝጋት ረስቼ ነበር፤ ስልኩን ድስት ላይ እንዳስደገፍኩት በሩን ይቀርጻል። እኔ ሃያ ጊዜ የዘለልኩት ቁራጭ። ምንም የለበትም ብዬ።

«መልሰው እስቲ» አሉ አያ ታከለ። መለስኩ። «ቁም። ያ ውዱ አይደለም?»

«ነው። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ነው።»

«ሲገባ ጋቢው ቀጭን ነበር። ሲወጣ ያረገዘ ይመስላል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ የቆጠረ ዐይን! እኔ ትሬለሩን አርባ ጊዜ አይቼ ይችን አላየሁም።

ቪዲዮው ወደ መጀመሪያው ተመለሰና የራሴ ድምፅ ወጣ፦ «ውሃ ቢሞሉባት እኮ ጣና ናት!» ሳቁም ተሰማ። በግቢው ግን ማንም አልሳቀም።

ወደ አያ ውዱ እህት ስልክ ተደወለ። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ውዱ! ጥሩምባው የት ነው?» አያ ህሩይ።

«እ... ቀጥቃጭ ዘንድ ነበር። ዛሬ ነገ እያለ አጉላላኝ። ያ ልጅ እኮ ለአገር ሊያሳየው ነው፣ እንዲህ አስጠግቶ ቀርጾ! አፍሬ ነው። መጥፋቱ ሳይታወቅ እመልሳለሁ ብዬ... ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ታከለን ልንገድለው ነበር።»

አያ ውዱ ከወዲያ ማዶ፣ እነሆ አለ ለማለት ነው መሰለኝ፣ ነፉት። በስልኩ ውስጥ። አያ ታከለ ያን ድምፅ ሲሰሙ ቁጭ አሉ፤ ወንበር አልነበረም፣ መሬት ላይ።

አያ ህሩይ ቁልፉን መልሰው አንገታቸው ላይ አደረጉላቸው። ይቅርታ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ሌላው «እኔማ መቼ ጠርጥሬ» አለ። እኔ ጠየቅኩ። «ሂድ፣ ውድድርህ» አሉኝ። ሰባት ሰዓት አልፏል።

ካሜራው ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ገና ሳይረፍድ ጥሩምባ ተነፋ። ከታክሲ ማቆሚያው! ሰፈሩ በሙሉ ተሯሩጦ ወጣ። እማማ አየለች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በአንድ እግር ጫማ።

«ማን ሞተ?! ማን ነው?!»

«ማንም!» አሉ አያ ውዱ ከሚኒባሱ እየወረዱ። «ድምፁን ስሙልኝ ብዬ ነው!»

ሊደበድቧቸው ነበር። ጥሩምባው ያበራል። ጭርምቱ የለም። ድምፁ ግን ትንሽ ቀጠነ፤ አልነገርኳቸውም። አፌን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

አያ ውዱ አያ ታከለ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ አያ ታከለ ያዟቸው። «ተወው፣ ቆጥሬ መዝጋት ነበረብኝ» አሉ። ከዚያ አያ ውዱ ወደ እኔ ዞሩ፤ «በል፣ አሁን በቅርብ አንሣው!»

አነሣሁት። አያ ታከለንም «ይግቡ፣ አብረው» አልኳቸው። ገቡ። ግን ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«በዚህ በኩል አንሣኝ» አሉ። «ፊቴን አንዴ ወስደሃል።»

እየሳቁ ነው ያሉት... ይመስለኛል። ከጀርባ አይታወቅም።

ትሬለሩን አጥፍቻለሁ። ስንት ሰው ስልክ ውስጥ ቀርቶ ይሆን? ራሔል ዛሬ «ሰላም» አለችኝ። ሰላም ብቻ። የቀረውን ቆርጣዋለች።

እንግዲህ በታላቅ ሐዘን የጀመርኩት የዚህ ሁሉ ጉዳይ መነሻ፣ ቀጥቃጩ እንደለካት፣ የእንቁላል ግማሽ የማታክል ጭርምት ነበረች። ኢምንት ነገር።